ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት

ለተከበሩ አጎቴ፣

እኔ፣ ጉልበቴ ሲቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን የጨረሰው በርንካስቴል-ኩስ ነው፤ በጀርመን አገር በሞዝል ወንዝ ግራና ቀኝ የተቆረቆረ የወይን ከተማ። ወይኑን የተከሉት ደግሞ ጭላዳ እንኳ አማትቦ በሚወጣው ገደል ላይ ነው። ሜዳ ጠፍቶ አይደለም። ቁልቁለቱ ፀሐይን ፊት ለፊት ያገኛል፤ ስስ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቀው ጥቁር ድንጋይም ቀን የሞቀውን ሌሊት ለተክሉ ይመልስለታል። ሪዝሊንግ የሚሉት ወይን በዚህ ብርድ የሚበስለው እንዲህ ተለማምጦ ነው።

እንክብካቤውማ! በዱሮው ደንብ እያንዳንዱ ግንድ የራሱ ችካል አለው፤ ሁለቱን ሐረግ ግራና ቀኝ ቆልምመው፣ የልብ ቅርጽ አስይዘው ያስሩታል። የተለቀመው ፍሬ በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሳብ ጋሪ ተንፈላሶ ይወርዳል። እኔ በእግሬ።

ይህችን እትዬ ሳይሰሙ ያንብቧት፦ ከከተማው በላይ «ዶክተር» የሚባል የወይን ቦታ አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን የትሪየሩ ሊቀ ጳጳስ ዳግማዊ ቦኤሙንድ እዚህ ታመው፣ መድኃኒት ሁሉ እምቢ ቢላቸው፣ የዳኑት በዚያ ቦታ ወይን ነው ይባላል። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ጠጅ ለከለከለዎት ሐኪም ቢነግሩት ምን ይጎዳል?

እ.ኤ.አ. በ1401 እዚሁ ኩስ የተወለዱት ፈላስፋው ካርዲናል ኒኮላውስ ደግሞ፣ በክርስቶስ ዕድሜ ልክ፣ ለ33 አዛውንት ወንዶች መጦሪያ አቋቁመዋል። ከጥንት ጀምሮ የወይን እርሻ ያለው ቤት ነው፤ ዛሬም አረጋውያን ይኖሩበታል። ካርዲናሉ አስከሬናቸው ሮም ተቀብሮ ልባቸው ግን እዚህ ጸሎት ቤት ውስጥ ዐርፏል። አልፈርድባቸውም። እርስዎም ዕድሜው ሞልቶልዎታል፤ እትዬን ማስፈቀድ ነው የቀረው።

የዚህን አገር ሰዎች ግን አንድ ነገር አይወዱላቸውም። ብርጭቆው ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ቀጂው ዐይኑን አጥብቦ እዚያ ድረስ ብቻ ይሞላል። ለቅምሻ ሲሆን አንድ ዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በእርስዎ ብርሌ ለከንፈር ማርጠቢያ አይበቃም። ከዚያ የባሰው፦ አዋቂ ነን የሚሉት አሽትተው፣ አጉመጥምጠው፣ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። ለሚተፉት እየከፈሉ! ደግሞ ማንም አይቆጣም።

ጠርሙስ በሰው እልካለሁ። ስደውል እትዬ አጠገብዎ ካሉ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኝ፤ ይገባኛል።

የወንድምዎ ልጅ