ቮልሷ በአይሱዙ ተጭና መጣች

ምሥራች! የጎጃሟ ከተማችን አማኑኤልም በመጨረሻ ክላሲክ መኪና አየች። እስካሁን ስናየው የኖርነው ለካ አሮጌ መኪና ኖሯል።

ልዩነቱ ላልገባችሁ ላስረዳ። አሮጌ መኪና ማለት ጠዋት ካልገፉት የማይነሳ፣ አንዴ ከተነሳ ወዲያ ግን ጤፍም ይሁን ወላድ፣ ሙሽራም ይሁን አስከሬን ሳይመርጥ ጭኖ ደብረ ማርቆስ የሚያደርስ ነው። ክላሲክ ግን ቢገፉትም አይነሳም። እሱ የትም አይደርስም፤ ቪዲዮው ዋሽንግተን ይደርሳል።

ይህን ዕውቀት ያገኘሁት ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በጥር የሰርግ ወቅት ነው። ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። በግ በሚጫንበት ጀርባው ላይ አንዲት ክሬም ቀለም ቮልስ በገመድ ጥፍር ተደርጋ ታስራለች። ከጋቢናው ሦስት ወጣቶች ወረዱ። አይሱዙውን ከአፈር ቁልል አስጠግተው፣ ሳንቃ ዘርግተው፣ የሰፈሩን ሰው «እባካችሁ ወገን» ብለው ቮልሷን እንደ በሽተኛ ደግፈው አወረዷት። ጎማዋን በዘይት አሹ። ስፖኪዮዋ ላይ ሪባን አሰሩ። ከዚያ አንዱ መሪውን ያዘ፣ ሁለቱ እየቀረጹ ገፉ፣ ቁልቁለቱም አገዘ፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል በግርማ ሞገስ ሄደች።

ቪዲዮው ሲወጣ ከላዩ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ከአዲስ አበባ አማኑኤል በቮልስ! ዓባይን ያለ አንድ ጠብታ ውሃ ተሻገርናት!» ሐሰት የሚል ካለ ቀናተኛ ነው። የቮልስ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ራዲያተር የላትምና ውሃ አትጠይቅም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ የስንቱን ፍሪሲዮን ያቃጠለው ያ ጠመዝማዛ ለእሷ ምኗ ነው? በአይሱዙ ጀርባ ላይ ሲሆን ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይነፍሳል።

ጎሚስታው ነገሩ አልገባውም። ዕድሜውን በመኪና ሥር የጨረሰ ሰው ነውና መኪና ሲገፋ ካየ ዝም ማለት አይችልም። «ልጆቼ፣ ካንዴላዋን ላውጣና ልያት፤ ካርቡራቶሯ ቆሽሾ ይሆናል» አላቸው።

«ፋዘር፣ ከፍሬም ውጡልን!»

ወጣላቸው። ፍሬም ሲባል የሚያውቀው ሻንሲውን ስለሆነ፣ መኪናዋ ሥር የነበረ መስሎት ልብሱን አራገፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በስልኬ ተከታተልኩ። አስተያየቱ ጎረፈ። «የድሮ ነገር ድሮ ቀረ»፣ «እንባዬ መጣ»፣ «አባቴን አስታወሰችኝ»፤ በየመካከሉም «ዋጋ?» የሚል፤ ከሥሩም «በውስጥ መስመር» የሚል መልስ። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ውይይት የሚባል ታክሲ ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ትይዩ በተቀመጡ አግዳሚዎች ላይ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ ስለሚሄድ ነው እንዲያ የተባለው። ያኔ ለመወያየት መሳፈር ግድ ነበር። ስልጣኔ ይመስገንና ዛሬ ውይይቱ ብቻ ቀርቶ መኪናው አላስፈለገም።

በውስጥ መስመር የሚነገረው ዋጋ ደግሞ ታሪክን ጨምሮ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር አገር ያውቃል። በዚያ ሁሉ ሮልስ ሮይስ መካከል ለመጨረሻው ጉዞ የተመረጠችው እሷ ናት። አሁን ለሽያጭ የምትለጠፍ ቮልስ ሁሉ ወይ ያቺው ራሷ ናት፣ ወይ የያቺ እህት፣ ወይ ያቺ ስታልፍ ቆማ ያየች ናት። ሰማያዊዋም ጃንሆይን ጭናለች፤ አረንጓዴዋም ጭናለች። በደላሎቻችን ስሌት ከሄድን ንጉሡ የወረዱት በአንድ መኪና ሳይሆን በሰልፍ ነው።

ደግሞ «ብርቅዬ» ይሏታል፤ ከዋልያ ጋር ልትደመር ምንም አልቀራት። በፈረንጆቹ 2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው የተሠራችው። የሕዝብ መኪና ትሁን ተብላ የተፈጠረች ናት፤ ስሟም በጀርመንኛ ያንኑ ይላል። ሕዝቡ አሁን በስልኩ ያያታል፤ ይበቃዋል።

ይልቅ የሚያስደንቀኝ «ኦሪጅናል» የሚሉት ነገር ነው። አሮጌ መኪና እኛ ዘንድ የቆየው አንዱ የሌላውን አካል እየወረሰ ነው። ስፖኪዮው የባጃጅ፣ ኩሽኔታው ከየት እንደመጣ ፈጣሪ የሚያውቀው፣ ማርሚታው በብየዳ የተጣፈ፣ በሩን ባትላሜራው በመዶሻ ከቆርቆሮ የወለደው። በጣሪያው ላይ ጆንያ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ አለ። ክላሲክ ወዳዱ ሲገዛው መጀመሪያ ይህን ሁሉ ይነቅላል። ፖርቶ መጋላው ይጣላል፣ ብየዳው ይፋቃል፣ የባለቤቱ ልጅ በምስማር የጫረችው ስም በቀለም ይደፈናል። ያ ሁሉ ትዝታ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ «ታሪክ ያላት መኪና» ተብላ ትለጠፋለች።

መንግሥትም በዚህ ጥበብ ሊመሰገን ይገባል። ጀርመን ውስጥ አንድ መኪና በታርጋው ላይ «ኤች» የምትል የክብር ፊደል እንድትጨመርለት ቢያንስ 30 ዓመት መሙላት አለበት። ምን ያለ ትዕግሥት ነው! እኛ ዘንድ 30 ዓመት የሞላው ኮሮላ ገና ጎረምሳ ነው፤ ሚስት የሚያገባው ወደፊት ነው። ስለዚህ በአዋጅ አፋጠንነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲቆለልበት አደረገ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተባለ። በአንድ ጀንበር በአገሪቱ ያለ የቤንዚን መኪና ሁሉ ቅርስ ሆነ። ገንዘብ አጥቶ መኪናውን ያልቀየረው ጎረቤቴ አሁን «የቅርስ ጠባቂ» ነው። እሱ ግን ቅርሱን አውጥቶ እህል ይጭንበታል፤ ያሳፍራል።

ኤንትሬን ግን ማንም ክላሲክ አላለውም። ያ ፊያት 682፣ አገሩን እህልና ጨው በጀርባው ሲያዳርስ የኖረው፣ ሲመጣ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ የሚደርሰው። ላንድሮቨሩንም፣ ቅጥቅጡንም ማንም አልቀረጻቸውም። ትክክል ነው። ሪባን አያምርባቸውም፤ ፎቶ ለመነሳት የሚደገፍባቸውም ልብሱ በግራሶ ይበላሻል።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ የቀረ ጊዜ ሰው ስለ ብዙ ነገር አዘነ። ስለ መኪኖቹ ያሰበ አልነበረም። አንድ ላይክ ሳያገኙ፣ «ዋው» የሚላቸው ሳይኖር፣ እነዚያ የጎጃም አሮጌዎች መንገድ በተከፈተ ቀን ሁሉ ሲሄዱ ከረሙ። ምን በልተው እንደሄዱ ሳይንስ ይመርምረው። እኔ ነዳጅ ይመስለኛል።

ወደ ቮልሷ ልመለስ። ቀረጻው አለቀ፣ ሪባኑ ተፈታ፣ ያው የሰፈር ሰው ተጠርቶ በዚያው ሳንቃ ገፍተን ሰቀልናት። አሰሯት። ሾፌሩ ጋቢና ገብቶ ቁልፍ ቢያዞር አይሱዙው ጭጭ አለ። ባትሪው ሞቷል። እሱም ቢሆን ልጅ አልነበረም፤ በበሩ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ቆጥሬበታለሁ።

ጎሚስታው ኮፍያውን አውልቆ ትከሻውን ከኋላው አስደገፈ፤ እኛም ተከተልን። ክላሲኳ ከላይ ተቀምጣ፣ አሮጌው ከሥር፣ እኛ ከኋላ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሃይ!» አልን። ሦስቱ ወጣቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እጃቸውን አውጥተው አብረውን ገፉ፤ አንዱ እየገፋ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ይሄን አትቅረጸው» አለው።