ማካፈልን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 720,000,000/2007

የኢራቅ ጦርነት በቀን 720 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተሰልቶ ስለተገኘ፤ የአሜሪካ ተማሪዎችም ገንዘቡ ለትምህርት ቤት፣ ለመምህርና ለምሳ ሲካፈል የተገኘውን ውጤት በየግቢያቸው ስለሰቀሉ፤ ማካፈል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በግልጽ የሚሰጥ በመሆኑ ድርጊቱን ምስጢር እንደ ማውጣት ቆጥሮ መክሰስ ስላልተቻለ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. ትርጓሜ
በዚህ አዋጅ ውስጥ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።
«ርካሽ ጦርነት» ማለት ገና ያልተጀመረ ጦርነት ነው። የፕሬዚዳንት ቡሽ የኢኮኖሚ አማካሪ ላውረንስ ሊንዚ በ2002 ወጪው ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። የበጀት ኃላፊው ሚች ዳንኤልስ ግምቱን አጋነኑት ብለው ከ50 እስከ 60 ቢሊዮን አወረዱት። ሊንዚ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ ቀድመው የቆጠሩት እርሳቸው ናቸውና ይህ አዋጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመለከታቸዋል።
«አስቸኳይ በጀት» ማለት በየዓመቱ የሚመጣ በጀት ነው።
«ራሱን የሚችል መልሶ ግንባታ» ማለት ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ በመጋቢት 2003 ኢራቅ በቅርቡ በራሷ ገንዘብ ትሸፍነዋለች ያሉት ነው።

አንቀጽ 2. የተከለከሉ ተግባራት
በመጋቢት 5 ቀን 2003 በመላ አሜሪካ የሚገኙ ተማሪዎች «መጽሐፍ እንጂ ቦምብ አይደለም» በሚል መፈክር ትምህርት አቋርጠው ወጥተዋል። መፈክር ይታለፋል፤ ጮኸው ሲደክማቸው ይመለሳሉ። የማይታለፈው ቁጥር ነው።
በተለይ በማሳቹሴትስ፣ ኖርዝሃምፕተን ከተማ የተቋቋመው ናሽናል ፕራዮሪቲስ ፕሮጀክት የጦርነቱን ወጪ በየክፍለ ግዛቱና በየከተማው እያከፋፈለ ማሳየቱ ከፍተኛ ጥፋት ነው። ቢሊዮን ማንንም አያስደነግጥም። የራስ ከተማ ድርሻ ግን ከሚያፈስ የትምህርት ቤት ጣሪያ አጠገብ ይነበባል።
በ2007 ደግሞ ጦርነትን የሚቃወሙት ክርስቲያኖች፣ የኩዌከሮች የአገልግሎት ኮሚቴ በባነሮቹ ላይ የአንድ ቀን ጦርነት ዋጋ 84 አዳዲስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ወይም የ12,478 መምህራን ቅጥር፣ ወይም 34,904 የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ነፃ ትምህርት ዕድል እንደሆነ ጽፏል። «ወይም» የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ በበጀት ነክ ጽሑፍ ውስጥ መግባት የለበትም።

አንቀጽ 3. የተፈቀዱ ተግባራት
መደመር አይከለከልም፤ ተጨማሪ በጀት የሚጸድቀው በመደመር ነውና። ግብር መቀነስም ይፈቀዳል፤ በ2003 ጦርነቱ ከተጀመረ ሦስት ወር ሳይሞላ ተፈጽሟል። በሁለቱ መካከል የሚታየው ክፍተት በብድር ይሞላል።

አንቀጽ 4. ስለ ባለዕዳዎች
በኮሚቴው ስሌት ከ720 ሚሊዮኑ ዶላር በየቀኑ በቀጥታ የሚመደበው 280 ሚሊዮን ብቻ ነው። ቀሪው 440 ሚሊዮን ወደፊት የሚከፈል ነው፤ የቁስለኞች የረጅም ጊዜ ሕክምናና የብድር ወለድ ይገኙበታል። ለዚህ ከፋዮቹ ዛሬ በየግቢው ባነር የሚሰቅሉት ተማሪዎች ናቸው። ባለዕዳ ዕዳውን አስቀድሞ ካየ መደራደር ስለሚጀምር፣ ዕድሜያቸው ለመክፈል እስኪደርስ ድረስ ሂሳቡ አይታያቸውም። ለውትድርና ግን ዕድሜያቸው ደርሷል።

አንቀጽ 5. የጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ዕዳው ከአዋጁ በፊት ጀምሮ የጸና ነው።