እንግሊዝኛ የሌለው ላብ አይቆጠርም

ባሕር ዳር ውስጥ ጂም የገባ ጎረምሳ ቀድሞ የሚጎለብትለት ጡንቻ ምላሱ ነው። ለማጣጣል አይደለም። ደረት እስኪወጣ ወራት ይፈጃል፤ «ቼስት» ማለት ግን በዚያው ዕለት ይለመዳል። የደረሰኙ ቀለም ሳይደርቅ ልጁ «ዛሬ ቼስት ደይ፣ ነገ ባክ፣ ከነገ ወዲያ ሌግ» እያለ ሳምንቱን በብልት ይከፋፍለዋል። ሰኞ ማክሰኞ ለቢሮ ሠራተኛ ቀርቷል።

እኛ ተማሪ ቤት ሳለን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር «አሟሙቁ» ይሉን ነበር፤ ሲያበቃ ደግሞ «አፍታቱ»። እነዚህ ቃላት አንድ ከባድ ጉድለት አለባቸው፤ ሰው ሰምቶ ይረዳቸዋል። አያቴ እንኳ የምትረዳውን ነገር በወር ስንት ብሎ ማስከፈል ይቻላል? «ወርም አፕ» እና «ስትሬቺንግ» ሲሆን ግን የሙያ ሽታ አለው። ባት ዳገት ሲወጡ የሚገኝ የድሃ ሥጋ ነው፤ «ካቭስ» ማሽን ይፈልጋል።

በቀደም ከቀበሌ 14 ወደ መሃል ከተማ በሚመጣ ባጃጅ ውስጥ አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ዛሬ አራት ሴት ጨረስኩ፤ ደክሞኝ አንዷን ለነገ አቆየኋት» ይላል። አጠገቡ ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ። አማተቡና «ወራጅ አለ!» አሉ፤ መውረጃቸው ገና ነበር። ልጁ ምን በወጣው? የሚያወራው ስለ ብረት ነው። ጥፋቱ የእናትየዋ ነው፤ ዘመኑ ያመጣውን ቃል ሳያጠኑ ባጃጅ መሳፈር ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ቃሉ ከሥራው እንዴት እንደሚበልጥ በደንብ የገባኝ ግን ለጎረቤታችን ጤፍ የመጣ ዕለት ነው። አንድ ሙሉ ኩንታል በር ላይ ተጥሏል። የቤቱ ልጅ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ አስሮ፣ ጓንት አጥልቆ መቶ ኪሎ «ዴድሊፍት» እንደሚያነሳ ሰፈሩ በሙሉ በቪዲዮ አይቷል። እናቱ «እስቲ ይቺን አስገባልኝ ልጄ» ቢሉት፣ «እማ፣ ዛሬ እኮ ሪከቨሪ ደይ ነው» አላቸው። ጫኝና አውራጅ ተጠራ። ሰውየው ኮንጎ ጫማውን አጥብቆ ጎንበስ አለ፣ ጆንያውን ጀርባው ላይ አስደገፈ፣ ተነሳ። ልጁ ግን ዝም ብሎ አላየም፤ «ፎርምህ ልክ አይደለም! ኮርህን ያዝ! ኒህን አታስወጣ!» እያለ በነፃ አሠለጠነው። ከጆንያው ሥር የመጣው መልስ «የኔ ወንድም፣ በሩን ያዝልኝ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያስተምረዋል?

ስለ ማሽኖቹም ፍርድ እንስጥ። ከከተማው ዳር የቤዛዊት ኮረብታ አለ፤ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን የሚወጡ ሰዎች ከላይ ሆነው ዓባይን ያያሉ፣ ይወርዳሉ፣ የሚከፍሉት የለም። ስለዚህም ምንም አልሠሩም። ሐይቁ ዳር ያለው የእግር መንገድም እንደዚያው ነው፤ ዋርካው ለጥላው አያስከፍልም። የሠለጠነው ሰው ግን በባጃጅ ጂም ድረስ ይሄድና ትሬድሚል ላይ ወጥቶ ባለበት ይራመዳል። መብራት ሲጠፋ «ካርዲዮዬ ተቋረጠ» ብሎ ቁጭ ይላል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ የሚንቀሳቀሰው በዚሁ በመስኮት በሚያየው ሐይቅ ውኃ ነው፤ እግሩ ግን ያለ መብራት አይሠራም።

«ሮዊንግ ማሽን»ስ? ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጂያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊሻገርባት ላሰባት «ራ» ለተባለች ጀልባ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። በዚያው ደንገል ታንኳ ሠርተው ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች «ላትስ» የሚባል የጀርባ ጡንቻ እንዳላቸው ሳያውቁ አርጅተዋል። ከዘጌ ባሕር ዳር ስንት «ሪፕ» እንደሚሆን የቆጠረ የለም። ያልተቆጠረ ደግሞ አልተሠራም።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የጾሙ ነገር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሁዳዴ ሲገባ አሠልጣኙ «ፕሮቲን እንዳታቋርጥ» ስላለው፣ ለንስሐ አባቱ «ጨጓራዬን አሞኛል» ብሎ 55ቱን ቀን በእንቁላል ተሻገረ። በትንሣኤ ማግስት፣ አገሩ ሁሉ ዶሮ ሲበላ፣ እሱ ጾም ያዘ። «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» ይባላል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እህል አይቀምስም። በዓመት ወደ 180 ቀን የሚጾሙትን፣ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትን እናቱን አስቀምጦ የጾምን ጥቅም አስረዳቸው። «አውቶፋጂ ይባላል እማ፤ ሴል ራሱን በራሱ ያጸዳል።» የተናገረው እንኳ እውነት ነው፤ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ጉዳይ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። የተመራመረውም በእርሾ ላይ ነው። እርሾው እንግዲህ በእናቱ ቡሃቃ ውስጥ ሞልቷል፤ የጎደላቸው ቃሉ ብቻ ነበር። እሳቸውም በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ «ታዲያ ምነው ከእኛ ጋር አልጾምከው?» አሉት። ይህን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስላልጠየቁ መልስ አላገኙም።

በሶውም ያው ነው። የጎጃም ዘማች በአቅማዳ ቋጥሮ አገር ያቋረጠበት ገብስ፣ በውኃና በማር ሲበጠበጥ በሶ ነው፣ አያጓጓም። «ፕሪ ወርክአውት» ተብሎ በፕላስቲክ ዕቃ ሲመጣ ግን ግማሽ ደመወዝ ይወስዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ዋጋ ማለት ይህ ነው።

«በርፒ»ንም እንጨምር። ሮያል በርፒ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው እንቅስቃሴ ነው፤ ትቆማለህ፣ ትወርዳለህ፣ መሬት ላይ ትዘረጋለህ፣ ትነሳለህ። ጎረምሳው አሥራ አምስት ሠርቶ ግድግዳ ይደገፋል። በስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ ግቢ ቢገባ፣ ከጠዋት ጀምረው መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ የሰገዱ አሮጊቶች ማምሻውን ካህኑ ፊት ተሰልፈው በወይራ ሲጠበጠቡና «ይህን ያህል ጨምሪ» ሲባሉ ያይ ነበር። ጨምረው ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት፣ ያውም በባዶ ሆድ። ግን አንዳቸውም ፎቶ አልለጠፉም።

ስለዚህ ለከተማችን ጂሞች የምመክረው አንድ ነገር ነው። ብረቱን ሽጡት፤ ቦታ ይይዛል፣ ወለል ይሰብራል፣ የሰውን ሁሉ ወገብ ያሳምማል። በምትኩ ነጭ ሰሌዳ ስቀሉ። መስታወቱ ይቆይ፣ እሱ ለአነጋገር ልምምድ ያገለግላል። የመጀመሪያው ወር ለላይኛው አካል ቃላት፣ ሁለተኛው ለታችኛው ይሁን፤ «ሌግ» ላይ ብዙዎች ስለሚቀሩ መድገሚያ ፈተና ይዘጋጅ። ተመራቂው «ፐርሰናል ትሬነር» የሚል ካኔተራ ይለብሳል፤ ካኔተራው ጠበብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ለምዝገባ የምትመጡ ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ። ፎጣ አያስፈልግም።