ባለ 106 በር ቤት

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከኮምቦልቻ የሚወርደው መኪና ሁሉ ደጋንን አቋርጦ ያልፋል። አንድ ደላላ ግን ደጋን ላይ ወረደና ቡና ላይ በተቀመጡ አበጋር ፊት ካርታ ዘረጋ።

«አባባ፣ ቤት ላሳይዎት። 106 በር አለው። ፕላኑ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ ነሐሴ ላይ ተገባበት።»

«የፊተኞቹስ?»

«የ1923ቱን ባለቤቱ ወድዶ ፈቅዶ የሰጠው ነው። የ1948ቱ የዚያው እድሳት። የ1979ኙ ቀይ ቀለም በዛበት። ይሄ ዘመናዊ ነው፤ አከራዩም...»

«አከራይ? ባለቤቱ ማን ነው?»

«8ኛው በር ላይ የእናንተ ነው ይላል።»

አበጋሩ ደም የሚያደርቁ ሰው ናቸው። በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብተው፣ ዱዓ አድርገው፣ እስላም ክርስቲያኑን አንድ ጀበና ዙሪያ ያስታርቃሉ። ፖሊስ የላቸውም፤ እርግማናቸው ግን ይፈራል። (ይህንን የሚመኝ ፍርድ ቤት አይጠፋም።)

«11ኛው ይኸውልዎ፤ አከራይ ጸሎት ክፍል አይገባም።»

«ደግ። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ገብቶብን፣ ቀን በበር ማታ በመስኮት ስንመላለስ ኖረናል።»

«34ኛው የእርስዎ ነው። ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ ትዳርና ቤተሰብ ይዳኙበታል።»

«ደምስ?»

«ደም በዋናው በር ነው።»

«ይሄ እጀታው ያለቀውስ?»

ደላላው ሳል ያዘው። «93ኛው ነው፣ የአደጋ በር። እሳት ሲነሳ እሱ ይከፈትና ሌሎቹ ይዘጋሉ። እስከ ስድስት ወር፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ይታደሳል።»

«አወቅሁት። ሐምሌ 2015 በእኛ ክንፍ ተከፍቶ፣ ጥር 2016 አራት ወር ተጨመረለት። በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ያወጣል የተባለው 19ኛው በር፣ ያን ሰሞን ሰዓቱ ቆሞ ነበር።»

«የማይዘጉም አሉ እኮ! ክፍት እንደሆኑ በሚስማር የተመቱ፦ 1፣ 18፣ 25፣ ከ39ኛውም ሁለት ሳንቃ።»

«1 ምንድን ነው?»

«የቤቱ ስም።»

«15ስ?»

«የሕይወት በር።»

«ተመትቷል?»

ደላላው ካርታውን ገለበጠ። ጀርባው ባዶ ነው።

«እንግዲህ እሳት ሲነሳ ታፔላው ይተርፋል፤ ነዋሪው እንደ ዕድሉ! እኛ ደም ስናደርቅ ከነፍስ ነው የምንጀምር፤ ስም ኋላ ይደርሳል።»

ሃርትና ፉለር የተባሉ የባሕር ማዶ አናጢዎች፣ ቤት ፕላኑ ከተፈረመ ቤት ነው ወይስ ሰው ካላኖረ ቤት አይባልም ብለው በ1950 ዓ.ም. ብዙ ገጽ ፈጅተዋል። አበጋሩ ቶና ሳይቀዳ ጨረሱት።

«15ኛውንም አንድ ሚስማር ምቱለታ፣ ልጄ።»

«ቀላል መሰለዎት? ሁለቱ ሳሎን አንድ ላይ ተቀምጦ በሁለት ሦስተኛ ይስማማል፤ ከክፍሎቹም ሁለት ሦስተኛው እሺ ማለት አለበት።»

«93ን ለመክፈትስ?»

«እሱማ የአከራዩ ቤተሰብ ከመከረበት ይከፈታል፤ ሳሎኑ ኋላ ያጸድቃል።»

«ሚስማር ከጠፋ ኮምቦልቻ ይሠራል።»

«ሚስማሩስ ሞልቷል፤ የቸገረው መዶሻው ነው።»

«እሱስ የት ነው?»

«አከራዩ ጋ» አለና፣ የባቲ መኪና እንዳያመልጠው ካርታውን ሳያጥፍ ሮጠ።