የቁርጠኝነት ሥልጠና በውጫሌ

«የሠራተኛ ቁርጠኝነት» የሚል ሥልጠና ስጥ ተብዬ ወደ አምባሰል ተላክሁ። ሠልጣኞቹ የየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው ትንሽ፣ መልቀቂያ የሚያስገባው ብዙ። የተሰጠኝ ስላይድ ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ የትም አይሄድም ይላል። ባንክ ቤት ምን ያህል እንደሚከፍል ግን አንድም ገጽ ላይ አልተነሣም።

ከደሴ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ላይ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ «አብሽሩ፣ አሁን ይሠራል!» ብሎን የገባበት ጠፋ። እሱ እስኪመጣ ሐሳቤ እዚያው ሐይቅ ወዳለው እስጢፋኖስ ገዳም ሸፈተ። አበ ምኔቱ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። ፊልሞቹን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው በዝርዝር ከመዘገቡት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች ተኩሰው ካቆሰሏቸው በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ለአሥርት ዓመታት ያን ሁሉ ብራና ቅጠል በቅጠል አነበቡ፤ ማን ጻፈው፣ ለማን ተጻፈ፣ ኅዳጉ ላይ ምን ተጨመረ እያሉ። እኔን ከጠየቃችሁ የአገራችን ትልቁ የመረጃ ባለሙያ እሳቸው ነበሩ። ቁርጠኝነት ግን ማንም አላሠለጠናቸውም። ስላይዴን በሆዴ ማማት የጀመርሁት እዚያው ጎማው አጠገብ ነው።

ውጫሌ ስደርስ አዳራሹ ሞልቷል። «እንደምን አደራችሁ» ከማለቴ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተር ከሌለ በአፌ ብዬ ስለ ሥራ ፍቅር ጥቂት እንደተናገርሁ መብራቱ መጣ፤ አመጣጡ ግን የጤና አልነበረም። ወዲያው የሠልጣኞቹ ስልክ ይጮህ ጀመር። የፋይናንሱ «የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ አይቤክስ፣ አልከፍት አለ፣ ደመወዝ ሊዘጋ ነው» ተብሎ ወጣ። የጤና ጣቢያው ተከተለው። አንዱ ደግሞ አለቃው የይለፍ ቃል ጠፍቶበት ነው የሄደው፤ ይህኛውን በቁርጠኝነት ልቁጠረው አልቁጠረው እስከዛሬ አልወሰንሁም። በመጨረሻ አንድ ልጅ ቀረልኝ። እጁን ሲያወጣ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ አበሉ ዛሬ ነው የሚከፈለው?»

መልሴን ሳይሰማ የእሱም ስልክ ጮኸ፤ ከመሬት አስተዳደር ነው። ምን ልሥራ ብዬ ተከተልሁት።

የመብራቱ አመጣጥ የኔትወርኩን ስዊች ይዞት ሄዷል። የይዞታ ደብተራቸውን ሊወስዱ የመጡ ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ ያሉ እናት ከአምባሰል ተራራ ግርጌ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጁ ከመደርደሪያ አሮጌ ስዊች አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለው፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ኬብሉን አንድ በአንድ ይነቅል ይሰካ ጀመር። አዳራሽ ውስጥ ሲያዛጋ የነበረው ልጅ ነው ብሎ ማን ያምናል! ለእኔ የደረሰኝ የስልኬን መብራት መያዝ ነው። «ወደ ግራ፣ ጋሼ፤ ኧረ ወደ ግራ!» ይለኛል።

ፕሪንተሩ ሲንቀሳቀስ እናትዬው ብድግ አሉ። ልጁን መረቁት፤ «እደግ፣ ተመንደግ» አሉት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«አሠልጣኝ ነኝ፣ እማማ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አብሽር» አሉኝ።