በእንተ ኤክስተርናል፦ ተጀምሮ ስለማይፈጸም ቅጂ የቀረበ ሐተታ

በዘመናችን በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ከሚገኘው ንዋይ ሁሉ፥ ባለቤቱ ጽኑ እምነት ጥሎበት ሳለ አንድ ቀን እንኳ መርምሮት የማያውቀው፥ ኤክስተርናል የሚባለው በኪስ የሚያዝ ሃርድ ዲስክ ነው። ሰው ፎቶግራፉን፥ የሒሳብ መዝገቡንና የመመረቂያ ጽሑፉን ለዚህ ዕቃ አደራ ሰጥቶ መሳቢያ ይቈልፍበታል፤ ኮምፒዩተሩ ባክአፑ አለመሳካቱን በማያው ጥግ ሲያስታውቀውም፥ ያችን ትንሽ መልእክት ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኛ ግን ነገሩ ሐተታ የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው ምክንያቱን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን።

የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት እንደሚከፈል ሁሉ፥ በአዲስ አበባ የገበያ ሕንፃዎች የሚሰጠው የኮምፒዩተር ጥገና ትምህርትም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል፤ ልዩነቱ በዚህኛው ላይና ታች የሚባለው የፎቅ ነገር መሆኑ ብቻ ነው። በምድር ቤት ያሉት መምህራን ጥፋቱን ሁሉ ለገመዱ ይሰጣሉ፤ ገመድም ይሸጣሉ። በፎቅ ያሉት ደግሞ ማናቸውም ደዌ በፎርማት ይነጻል ብለው ያስተምራሉ፤ ይህም ፎርማት ከንስሐ የሚለየው ከኃጢአቱ ጋር ጽድቁንም አብሮ በመደምሰሱ ነው።

ታች ቤቶች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ዩኤስቢ 2.0 የተባለው ሥርዓት ከአንድ ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ብቻ ሲፈቅድ፥ ዩኤስቢ 3.0 ግን መጠኑን ወደ 900 ከፍ አድርጎታል፤ ዲስኩም ለመሽከርከር በሚነሣበት ቅጽበት ከተለመደው በላይ ስለሚጠይቅ፥ ገመዱ ቀጭንና ረዥም ከሆነ፥ ወይም በአሮጌ ዴስክቶፕ ግንባር ባለው ቀዳዳ የተሰካ እንደ ሆነ፥ ቀጭ ቀጭ እያለ ይነሣል፥ ይወድቃል፥ ቅጂውንም በመንገድ ጥሎት ይቀራል። መድኃኒቱ አጭር ገመድና ከኋላ ያለው ቀዳዳ ነው። ትምህርታቸው ወደ ኑፋቄ የሚያዘነብለው ለአንዱ ዲስክ ሦስተኛውን ገመድ ሲሸጡ ነው።

የላይ ቤቶቹ ነገር የበለጠ ጥልቅ ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ከመልስ እስከ ቅልቅል ያለውን በአንድ ፋይል አጠቃልሎ ወደ ኤክስተርናሉ ሊገለብጥ ቢነሣ፥ ኮምፒዩተሩ «ፋይሉ ለመድረሻው የፋይል ሥርዓት እጅግ ትልቅ ነው» ይለዋል። ይህ ንባብ ትርጓሜ ያሻዋል። ዲስኩ ሞልቷል ሲል ነው፤ ግማሽ ቴራባይት ባዶ ሆኖ እየታየ ግን ይህ አይሰማማም። አንድም፥ ሠርጉ በዝቷል ሲል ነው፤ ይህስ በብዙ መንገድ እውነት ነው፥ ለተያዘው ጉዳይ ግን አይረዳም። አንድም፥ ዲስኩ የተሰናዳበት ፋት 32 የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሥርዓት፥ የፋይልን መጠን በ32 ቢት ብቻ ስለሚመዘግብ፥ ከ4,294,967,295 ባይት አንዲት እንኳ ብትተርፍ አይቀበልም ሲል ነው። ቁጥሩ ከባሕረ ሐሳብ የተገኘ ቢመስልም መንሥኤው ይኸው ነው፤ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ በተባለው ሥርዓት ቢሰናዳ ይህ ወሰን ይነሣል። ወደ ኤክስፋት ለመዛወር ግን ፎርማት ግድ ነው፥ ከፎርማትም በፊት በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ግድ ነው፤ ሌላውም ዲስክ የሚሸጠው በምድር ቤት ነው። ሁለቱ ወንበሮች እስከ ዛሬ ተወጋግዘው ያልተለያዩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ጥቃቅን ናቸው፦ ላፕቶፑ በቅጂው መካከል ያንቀላፋል፤ ፍላሽ ቀድሞ ስለ ተሰካ ትናንት ኢ ተብሎ የተጠራው ዲስክ ዛሬ ኤፍ ተብሎ ይነሣል፥ ፕሮግራሙም የኢን በር ሲያንኳኳ ያድራል፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል የራሱ መሰኪያ ያለው ትልቁ ኤክስተርናል ግን ወዲያው ያርፋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገረመን ሌላ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክ ቁርጥራጩ፥ በግሪክም ከፊሉ ብቻ ሲቀር፥ ሙሉው በግእዝ የተገኘውና ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው፥ አባቶቻችን መጽሐፉን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥረው ሲያነቡት፥ ብራናውም ሲያረጅ በአዲስ ብራና ሲገለብጡት ስለ ኖሩ ነው። ያነበበ ሰው የጐደለ ቅጠል ቢኖር ያውቃል። የኛ ቅጂ ግን ስለ ጤንነቱ የሚጠየቀው ዋናው ኮምፒዩተር ከሞተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ዲስኩ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ «አዲስ ፎልደር» የተባለ አንድ ባዶ ማኅደር ነው።

ከቅጂው አንድ ፋይል ወደ ኮምፒዩተሩ መልሶ፥ ከፍቶና እስከ መጨረሻው አንብቦ ማየት በሁለቱም ወንበር ከሚነገረው ሁሉ የተሻለ ምርመራ ነው። ይህን ግን ላይ ቤትም ታች ቤትም አያስተምሩትም፤ የሚሸጥ ነገር የለበትምና።