ዝም የሚባል መምህር

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ስልክ ላይ ያፈጠጠ የልጅ ልጅ ቤታችሁ ያለ ሁሉ፣ እስቲ ፍረዱኝ። እዚህ አሰንዳቦ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ትምህርት ቤት ጓዳዬ ገብቶ ተቀምጧል። ልጁ መምህሩን ራሱ መረጠ፤ ሰዓቱን ራሱ ቆረጠ፤ ደብተሩ ቴሌግራም፣ ጥቁር ሰሌዳው ዩቲዩብ ሆነ። መምህሩ ሲያሰለቸው በጣቱ ነካ አድርጎ ዝም ያሰኘዋል! በእኛ ጊዜ ዝም የምንለው እኛ ነበርን።

አሁን ደግሞ በሐምሌ 2016 መንግሥት ከኤምሬቶች ጋር የጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ትምህርት ይዟል። ድረ ገጽ መሥራት ነው፣ ዳታ ነው፣ አንድሮይድ ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ በነፃ ተምሮ የምስክር ወረቀት። 5 ሚሊዮን ሰው ኮድ ሲጽፍ እሸት ቡናውን ማን ይልቀመው? ብዬ ብቆጣ፣ «አባባ፣ እርስዎም ይመዝገቡ፤ ትምህርት እኮ ማብቂያ የለውም» አይለኝም? እኔ በ1972 ተምሬ ጨርሻለሁ!

ትምህርትስ ያኔ ቀረ። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ምን ልማር ብሎ የተጨነቀ የለም፤ መጥተው ነገሩን። ኩራዝ ከበን ሀ ሁ ስንል ጭሱ ለዓይን ፈውስ ነበር፤ ኋላ ግልገል ጊቤ እዚህ አጠገባችን ተገደበና ኩራዙን አስጣለን። ኦሮምኛውም ያኔ በፊደል ነበር የሚጻፈው፤ ዛሬ ልጁ በቁቤ የጻፈውን የሚያነብልኝ ሰው ልቅጠር? ከትምህርት የቀረ ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይከለከል ነበር። እንዴት ያለ ደግ ዘመን! ዛሬ ልጁ ትምህርቱን ቢተው ስኳሩን የሚነሳው ማን አለ? ስልኩ ራሱ፣ የጀመርከውን ቀጥል እያለ ይለማመጠዋል። ተማሪን መለማመጥ!

እኔማ ስልክ የሚባል አልነካም። ያረጀ ቡና ስለ መጎንደል የሚያስተምረውን ሰውዬ ካልሆነ በቀር። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ዕውቀት እንጂ የስልክ አይደለም። ትናንት ማታ ሰውዬው መጋዙን ግንዱ ላይ እንዳሳረፈ ካርዱ አልቆ ቀጥ አለ። ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ብነግረው «ነገ እሞላለሁ» ብሎ ተገላበጠ። ደግሞ ሰውዬው ሲያወራ እንዴት ይፈጥናል! ቀስ እንዲል የሚነካ ነገር አለ ብሎ አሳይቶኝ ነበር፤ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ከእናንተ የሚያውቅ አለ?